«ጥርስ ሐኪም ደግሞ ምን ያስጨንቀዋል?» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ጽሑፉ በአንድ ቀን ከሦስት ሰው ደረሰኝ። አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ከሥሩ «አንብቢና ደምሽ ይፍላ» ብላበታለች። ደሜ አልፈላም። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፤ ስለዚህ ልጻፍና ልገላገል አልኩ።

የጻፉት ሰው ራሳቸው ሐኪም ናቸው፣ የውስጥ ደዌ። ስማቸውን ማንሳት አያስፈልግም፤ ነገሬ ከሐሳባቸው ጋር ነው። ጽሑፉን ላላነበበ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ስለ ጤና ባለሙያዎች ድካምና መሰላቸት ሲወራ ጥርስ ሐኪሞችም «እኛም እኮ» እያሉ ሰልፉ ውስጥ ገብተዋል። ግን ምን ሆኑ? የሌሊት ዱቲ የለባቸውም። እጃቸው ላይ ሰው አይሞትም። ገንዘቡም አለ። ታካሚ ይፈራናል የሚሉት የታካሚው ችግር ነው። ወገባቸውን የሚያማቸው ስፖርት ስለማይሠሩ ነው። ውጭ አገር ጥርስ ሐኪሞች ራሳቸውን በማጥፋት ከሙያ ሁሉ አንደኛ ናቸው የሚባለውም ድሎት የወለደው ነው። መፍትሔው ዕረፍት፣ ስፖርትና ምስጋና ነው። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀልድ አድርገው፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ከረገጡ ዘጠኝ ዓመት እንደሆናቸው ይነግሩናል። ወደዚህችኛዋ እመለሳለሁ።

እኔ በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አራቱን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ቀሪውን አዲስ አበባ ውስጥ በግል ክሊኒክ። መጀመሪያ ተቀጣሪ ነበርኩ። አሁን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሁለት ወንበር ያላት ትንሽ ክሊኒክ አለችን።

የዱቲው ነገር ልክ ነው። እሳቸው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልቡ የቆመ ሰው ደረት ሲጫኑ እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ። በዚህ አልከራከርም። የእሳቸውና የማዋለጃ ክፍል ባልደረቦቼ የሚያዩትን እኔ አላይም፤ የመከራ ውድድር ውስጥ መግባትም አልፈልግም። አልጋዬ ላይ ነኝ ማለት ግን ሁልጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል ማለት አይደለም።

የሥር ሕክምና ስንሠራ ፋይል የምንለው መርፌ የመሰለ ቀጭን ብረት አለ። 25 ቁጥር የሚባለው ጫፉ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ይህን ብረት በጥርሱ ሥር ውስጥ ባለ ጠመዝማዛ ቦይ፣ ሳታየው፣ በጣትህ ስሜት ብቻ እያዞርክ ታወርዳለህ። አንዳንዴ ይሰበራል። ጀማሪም ይሰብራል፣ ጎበዝም ይሰብራል። አንድ ጊዜ አንድ የሒሳብ አስተማሪ መንጋጋ ውስጥ ተሰበረብኝ። ድምፅ የለውም። ጣቴ ላይ ብቻ አንዳች ነገር ቀለል አለኝ። አውጥቼ ሳየው ጫፉ የለም። ሰውየው አፋቸውን ከፍተው ጣሪያውን ያያሉ። ምንም አላወቁም። ነገርኳቸው። ኤክስሬዩንም አሳየኋቸው። «እንግዲህ ምን ይደረጋል ዶክተር፣ ሰው አይደለሽ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በየስድስት ወሩ እየጠራሁ ያለ ክፍያ ፎቶ አነሳኋቸው። ጥርሱ ደህና ነው። እኔ ግን ዛሬም ሌሊት ስባንን ልጆቼን ትቼ ያንን መንጋጋ የማስብበት ጊዜ አለ።

«እጃቸው ላይ ሰው አይሞትም» የሚለው ከሐኪም ብዕር መውጣቱ ግን ገረመኝ። ሉድቪግ አንጃይናን ሳይማር የተመረቀ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ለሌላው አንባቢ ልንገር። ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ የተነሳ ኢንፌክሽን ከአገጭ ሥርና ከምላስ ሥር ይዛመታል። ምላስ ወደ ላይ ይገፋል፣ አንገት እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ከዚያ የአየር ቧንቧው ይዘጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. ነው የገለጸው። አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት ከታመሙት ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር። ዛሬ በጊዜ ከደረሰ ብዙው ይድናል፤ የማይድንም አለ። ከጥርስ የተነሳ ሞት ደግሞ የድሃ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከተበላ ጥርሱ የተነሳው ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ገደለው። በጊዜው ጥርሱን ማስነቀል 80 ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር ተብሎ በየጋዜጣው ተጻፈ።

እኔም በመንግሥት ሆስፒታል ሳለሁ ከገጠር የመጣ አንድ ጎረምሳ አስታውሳለሁ። ሰፈሩ ያለ ጥርስ አውላቂ ግማሹን ሰብሮ፣ ግማሹን ትቶበት ነው የመጣው። አራተኛ ቀኑ ነበር። አገጩን በነጠላ አስረውለታል። ምራቁን መዋጥ አቅቶት በጨርቅ ይጠርጋል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ ሮጠው ደርሰው አንገቱን ቀደው አየር እንዲያገኝ ባያደርጉት ኖሮ ዓይኔ እያየ ያልፍ ነበር። ዳነ። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ያበጠ ሰው ሲገባ ከጥርሱ በፊት «እስቲ ምላስህን አውጣ» ነው የምለው።

ደግሞ ሌላ አለ። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» እላለሁ። «ኧረ ምንም የለብኝም ልጄ» ይሉኛል። ከነቀልኩ በኋላ፣ ደሙ አልቆም ሲል፣ «ያቺን የደም ማቅጠኛ ብቻ ነው እኮ የምውጠው» ይላሉ። ስቄ ነው የምነግራችሁ፤ ያን ዕለት ግን አልሳቅኩም።

ገንዘቡ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ። እኔ እንደማየው የጥርስ ሐኪም ጭንቀት ዋናው ቤቱ እዚህ ነው። ጸሐፊው ገንዘብ ጭንቀት ያቃልላል ይላሉ። በሌላ ሥራ ይሆናል። በእኛ ሥራ ግን የሚያስጨንቀው ገንዘቡ ራሱ ነው። ማነሱን ወይም መብዛቱን ማለቴ አይደለም። ዋጋውን የምናገረው እኔ መሆኔን ነው።

እስቲ ያስቡት። እሳቸው ታካሚ መርምረው መድኃኒት ይጽፋሉ። የመድኃኒቱን ዋጋ የሚናገረው ፋርማሲው ነው። የአልጋውን ካሸሩ ይናገራል፣ የላብራቶሪውን ሌላ መስኮት። ታካሚው በዋጋው ቢናደድ እሳቸው ፊት አይናደድም። እኔ ጋ ግን መስኮት የለም። የመረመርኩት እኔ፣ «ይህ ይሠራ» ያልኩት እኔ፣ የምሠራው እኔ፣ ስንት እንደሆነ የምናገረውም እኔ። የምናገረውም አፉን ለከፈተ፣ ላመመው፣ ሌሊቱን ላልተኛ ሰው ነው። ሐኪምና ነጋዴ በአንድ ጋውን።

አንዲት እናት የ19 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። የላይኛው የፊት ጥርሷ ነው። ተበልቶ ነርቩ ሞቷል፣ ሥሩ ግን ጠንካራ ነው። የሥር ሕክምና ተደርጎለት ክራውን የምንለውን የጥርስ ሽፋን ቢለብስ ብዙ ዓመት ያገለግላታል። ዋጋውን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«መንቀሉስ ስንት ነው ልጄ?»

ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ይነቀልላት።»

ልጅቷን አላዩዋትም። እኔንም አላዩኝም። ልጅቷ ግን ወንበሩ ላይ ሆና ታየኛለች። በግማሽ ዋጋ ልሥራላት አልኩ፤ ግማሹም የለም። በነጻ እንዳልሠራ በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው በነጻ ሠርቻለሁ። ጓደኛዬም «በዚህ አያያዝሽ ዕቃ አልቆብን እንዘጋለን» ብላ የተናገረችው የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር። ነቀልኩት። ቀላል ነቀላ ነበር፣ አራት ደቂቃ አልፈጀም። ጎኑ ያለው ጥርስ እንዳይጎዳ ተጠነቀቅኩ፣ ጥጡን አስነከስኳት፣ ትኩስ ነገር እንዳትጠጣ ነገርኳት። ሁሉንም በደንብ ሠራሁ። ማታ ቤት ገብቼ እራት መብላት አቃተኝ።

አንድ ሰው ትክክለኛውን እያወቀ ሌላውን ለመሥራት ሲገደድ የሚደርስበትን ጫና የሕክምና ሥነ ምግባር የጻፉ ሰዎች ለብቻው ስም ሰጥተውታል። እኔ ስም አያስፈልገኝም። በወር ስንት ሊድን የሚችል ጥርስ እንደምነቅል አውቃለሁ።

ታዲያ ለምን ይወደዳል የሚል ይኖራል። ወንበሩ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ማደንዘዣው፣ ለሙሌት የምንጠቀምበት ኮምፖዚት፣ ሙሌቱን የሚያጣብቀው ቦንዲንግ፣ ፋይሉ፣ ሁሉም በዶላር ተገዝቶ ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የታካሚዎቼ ደመወዝ በሳምንታት ውስጥ እጥፍ አልሆነም። ዋጋ ስጨምር ሰው ቀረብኝ። ሳልጨምር ስቆይ ዕቃ አለቀብኝ። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ተቀጣሪ ሳለሁ ደግሞ የምከፈለው በፐርሰንት ነበር። ከሠራሁት ይህን ያህል ለእኔ፣ ይህን ያህል ለቤቱ። ጸሐፊው ይህን «ጥሩ ገቢ» ብለውታል፤ ገቢው እውነት መጥፎ አልነበረም። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ትንሽ የጠቆረች ጥርስ ይዞ ይመጣል። ብትሞላም ያስኬዳል፣ ስድስት ወር ጠብቀህ ብታያትም ያስኬዳል። «ትሞላ» እላለሁ። ከዚያ ለብቻዬ ስሆን እጠይቃለሁ፤ ያልኩት ለጥርሱ ነው ወይስ ለፐርሰንቷ? የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሳምንት ከሆነ ጥያቄው ይብሳል። ታካሚ ቢጠረጥረኝ ለምጄዋለሁ። ራሴን መጠርጠር ግን አልለመድኩትም።

በመንግሥት ቤት ሳለሁ የነበረው ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ዕቃው የለም። የሙሌት ዕቃ ለወራት ይጠፋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ነቀላ። ጠዋት ኮሪደሩ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ጉንጩን የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ሌሊት ከአውቶብስ ተራ በቀጥታ የመጣ። ለአንዱ ሰው አሥር ደቂቃ ከሰጠሁ የመጨረሻዎቹ ሳይታዩ ይመለሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በአፍሪካ ቀጠናው ለ10,000 ሰው ያለው ጥርስ ሐኪም 0.33 ነው፤ የዓለም አማካይ አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ይህን ቁጥር ሳነብ የታየኝ ያ ኮሪደር ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። «የታካሚው ችግር ነው።»

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣና ከብዙ አገር የተሠሩ ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ግምገማ፣ ከአዋቂዎች 15 በመቶ ገደማ ጥርስ ሕክምና እንደሚፈሩ አስልቷል። እንግዲህ ከመቶ አሥራ አምስት ማለት ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ደግሞ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ሲብስበት ነው፤ ስለዚህ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ፈሪ ከዚያ በላይ ይመስለኛል። ፍርሃት ይጋባል። ታካሚው የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ትንፋሹን ሲይዝ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ይህን የነገረችኝ ረዳቴ ናት፤ እኔ አላውቅም ነበር። «ዶክተር፣ ተንፍሺ» ትለኛለች በጆሮዬ።

ከዚያ ሌላ ቃሉ አለ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ወደ ክፍሉ ሲገባ «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተርዬ» ይባላል። እኔ ስገባ «አይክፋሽና ጥርስ ሐኪም እጠላለሁ» እባላለሁ። በክፋት አይደለም። ፈርተው ነው። ግን በቀን ስድስት ሰባቴ ፈገግ እያሉ መስማቱን ይሞክሩት። እናቶች ደግሞ ልጃቸው ሲረብሽ «ዝም ካላልክ ዶክተሯ ትወጋሃለች!» ይሉታል። ከዚያ ያንኑ ልጅ እኔ ላባብለው ነው። የግራ አውራ ጣቴ ላይ የአንድ የስድስት ዓመት ጀግና የጥርስ ምልክት አለ። አባቶች ደግሞ አይተውኝ ወደ በሩ ይመለከታሉ። «ወንድ ዶክተር የለም እንዴ? ይኼ ጉልበት ይፈልጋል እኮ።» ጋሼ፣ ጥርስ በጉልበት አይነቀልም። በእርጋታ ነው፤ እያወዛወዙ፣ አጥንቱን እያሳመኑ።

የታካሚ ጩኸት ሐኪምን ምን እንደሚያደርግ ከታሪክ አንድ ሰው ላንሳ፤ ስለ ራስ ማጥፋት ወደተባለውም ያደርሰኛል። ሆራስ ዌልስ የሚባል ጥርስ ሐኪም ነበር፣ በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ። በ1844 እ.ኤ.አ. የሳቅ ጋዝ ትርኢት አይቶ፣ በማግስቱ ጋዙን ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። አላመመውም። ይህን ለዓለም ላሳይ ብሎ በቀጣዩ ወር ቦስተን ሄዶ ሐኪሞችና ተማሪዎች በተሰበሰቡበት የአንድ ሰው ጥርስ ነቀለ። ሰውየው ጮኸ። አዳራሹ «አጭበርባሪ!» ብሎ ሳቀበት። ሰውየው በኋላ ሕመሙን እንደማያስታውስ ተናግሯል፤ ለዌልስ ግን ጊዜው አልፏል። ከዚያ በኋላ ጤና አላገኘም። የቀድሞ ሽርካው ሞርተን በ1846 ኤተር የሚባለውን ማደንዘዣ አሳይቶ ሲጨበጨብለት እሱ ያያል። ክሎሮፎርም የሚባለውን ሌላ ማደንዘዣ በራሱ ላይ ሲሞክር አእምሮው ተናወጠ። በጥር 1848 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ እስር ቤት ውስጥ በ33 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የማደንዘዣ ፈር ቀዳጅ እሱ ነው ብሎ ያወጀው በ1864 ነው። ዛሬ ጸሐፊው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የሚያዩት የተኛ ታካሚ ከዚህ ከተሳቀበት ጥርስ ሐኪም ጋር ዝምድና አለው።

ስለዚህ «ድሎት የወለደው» የሚለውን ቃል አልወደድኩትም። ነገር ግን እዚህ ላይ የራሴንም ወገን ልቃወም። «ጥርስ ሐኪሞች ራስን በማጥፋት ከሁሉ አንደኛ ናቸው» የሚለውን እኛም ራሳችን ደጋግመን እናወራዋለን፤ አንዳንዴ እንደ ጀብዱ። ማስረጃው እንዲህ የጠራ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ ጥናት ከሌላው ሠራተኛ እጅግ ይበልጣሉ አለ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ወሬው በአብዛኛው ባረጁና በጥቂት ሰዎች ላይ በተሠሩ ቁጥሮች ላይ የቆመ ነው አለ። በሽታውን ከፍ ለማድረግ ያልተረጋገጠ ቁጥር አንጠቀም። አደጋው ለመታወቅ አንደኛ መሆን አይጠበቅበትም። ከባልደረቦቼ መካከል «ባልነቃ ደስ ይለኛል» ብላኝ የምታውቅ አለች። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁት። አብሬያት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዛሬ ሥራ ላይ ናት። እንዲህ ያለ ቃል ከሰማችሁ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፣ ለብቻዋም አትተዉአት።

ወገቡን በአጭሩ ልለፈው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ ከጥርስ ባለሙያዎች ከ64 እስከ 93 በመቶ የሚሆኑት የጡንቻና የአጥንት ሕመም እንዳለባቸው አግኝቷል። ሁሉም ስፖርት የማይሠሩ ሰነፎች ናቸው? ስፖርት ይረዳል፤ እኔም እዋኛለሁ። ግን አንገትህን ጎንበስ አድርገህ፣ ክንድህን አንስተህ፣ ሳትንቀሳቀስ አርባ ደቂቃ ስትቀመጥ የሚደርስብህን ማክሰኞ ማታ መዋኘት አያጥበውም። ደግሞ መጽሐፉ «ታካሚውን አስተኝተህ አንተ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» ይላል። እማማን አስተኛቸው እስቲ! ወንበሩ ወደ ኋላ ጋደል ማለት ሲጀምር «ኧረ ልጄ፣ ልትገንዢኝ ነው?» ብለው ጋቢያቸውን ይዘው ይነሳሉ። ስለዚህ እሳቸው ቁጭ ይላሉ፣ እኔ እጎነበሳለሁ። የጎረቤቴ ወጌሻ ስሜን በቃሉ ያውቀዋል።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር መርፌው ነው። ሁላችንም ተወግተናል። በኤችአይቪ በተበከለ መርፌ አንዴ የተወጋ ሰው የመያዝ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ላልተከተበ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ቁጥሩን እናውቀዋለን። ግን 28 ቀን የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት እየዋጥክ፣ የትዳር ጓደኛህንም ልጅህንም በሌላ ዓይን እያየህ ስትቆይ 0.3 ትንሽ ቁጥር አይመስልም። የእኔ 28 ቀን በዐቢይ ጾም ነበር። ምሳዬን ስተው ቤተሰቡ ጾሜን አጥብቄ የያዝኩ መሰለው። ነገሩ ማቅለሽለሽ ነበር።

እንግዲህ መድኃኒቱ። ዕረፍት፣ ስፖርት፣ ምስጋና። አንዱንም አልጠላም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን የሥራ መታከት ሲተረጉም «በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ» ነው ያለው። የሥራ ቦታ። በሽታውን ከሰውየው ባሕርይ አልጀመረውም። እንግሊዞችን እንይ። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 2,441 ጥርስ ሐኪሞች ተጠይቀው 60 በመቶው እንቅልፍ አልወስድ ይለናል ብለዋል። እነዚህ መብራት የማይጠፋባቸው፣ ዕቃ የማይጎድልባቸው ሰዎች ናቸው። ከዚያ በ2006 መንግሥታቸው አዲስ የክፍያ ውል አመጣ። በዚያ ውል አንድ ጥርስ የሞላና ስድስት ጥርስ የሞላ ሐኪም የሚታሰብለት እኩል ነበር። ጥርሱ የተጎዳ ድሃ ሰው በሩን ሲከፍት ሐኪሙ ልቡ የሚወርድበት አሠራር ማለት ነው። ይህን ለማሻሻል እስከ ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጠበቁ። አሥራ ስድስት ዓመት! በምስጋና የሚስተካከል ነገር አይደለም ይህ።

እኛ ክሊኒክ ውስጥ የቻልነውን ሞክረናል። ትልቅ ነገር አይደለም። አንደኛ የዋጋ ዝርዝሩን በትልቁ አስጽፈን መግቢያው ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ጓደኛዬ «ምግብ ቤት አስመሰልሽው» ብላ ሁለት ሳምንት ተቃወመችኝ። ዋጋው ላይ የሚነጋገሩት አሁን ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ነው፤ በክፍያ ከፋፍሎ መክፈልም የሚፈቀደው እዚያ ነው። እኔ ስለ ጥርሱ ብቻ አወራለሁ። ሐሙስ ከሰዓትን ደግሞ መክፈል ለማይችሉ መደብን። በፊትም በነጻ እሠራ ነበር፤ ልዩነቱ አሁን ቁጥሩ ታውቋል፣ ዕቃውም ተመድቦለታል፣ ስለዚህ በየቀኑ «ለዚህ ልሥራ? ለዚያ ልከልክል?» እያልኩ ከራሴ ጋር አልከራከርም። ያቺ የ19 ዓመት ልጅ ከሐሙስ በፊት ነው የመጣችው። ሰዎችን በየሃያ ደቂቃው መቅጠርም ተውን፤ በመካከሉ አሥር ደቂቃ ባዶ አለ። ገቢ ቀንሷል። በጄኔሬተሩ ላይ የተበደርነውን ገና አልጨረስንም፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ሥር ሕክምና መሀል ላይ ቀጥ ማለቱን ትቷል። ረዳት ጨምረናል፤ አንዷ እጄ ላይ ናት፣ ሌላዋ ዕቃ ትቀቅላለች። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አራት ጥርስ ሐኪሞች ቡና ላይ ተቀምጠን በወሩ ያበላሸነውን እንነጋገራለን። የሒሳብ አስተማሪውን ፋይል መጀመሪያ ያወራሁት እዚያ ነው። ሁለቱ «የእኔንም ልንገርሽ» አሉ።

አሁንም ማታ የሚያባንነኝ ቀን አለ። ቀንሷል ግን።

ወደ ዘጠኙ ዓመት ልመለስ። ጸሐፊው ዘጠኝ ዓመት ያልመጡት ጊዜ አጥተው እንጂ ፈርተው እንዳልሆነ ጽፈዋል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት ዶክተር። ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ቦታ አለኝ። ወንበሩን ወደ ኋላ አላጋድመውም። ዋጋው ግድግዳው ላይ አለ፣ ሲገቡ ያዩታል።